ወይዘሮ ሙሉነሽና አንቀጽ አሥራ አራት

ወይዘሮ ሙሉነሽ ሰይድ ኦክላንድ በሚገኝ ሆስፒታል ማረፋቸው የተነገረኝ ኅዳር 12 ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። የተነገረኝ ወዳጃቸው በመሆኔ ሳይሆን የእድራችን ጸሐፊ በመሆኔ ነበር፤ ወዳጅነቱ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። በዚያች ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ በስማቸው የተከፈተ ፋይል፣ በፋይሉም ውስጥ ውሳኔ ያላገኘ አንድ ጉዳይ ነበር፦ እድሩ ቀብራቸው ይወጣል ወይስ አይወጣም? ጉዳዩን የፈጠረው እኔ ራሴ ያረቀቅኩት ደንብ መሆኑን ከወዲሁ ማስታወቅ ይገባኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ጥፋትን ወደሚመለከተው ሌላ ክፍል መምራት አይቸግረውም፤ እዚህ ግን ሌላ ክፍል አልነበረም።

ጡረታ እንደወጣሁ ልጄ ሕሊና ሚልፒታስ ወዳለው ቤቷ አመጣችኝ። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ተካ መጡና መጻፍ የሚችል ሰው እንዳጡ ነገሩኝ። አቶ ተካ ከሳን ሆዜ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ የሚነዱ፣ ከመንገድ በቀር በምንም ነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። የእድሩን ደንብ ሲሰጡኝ ሁለት ገጽ ብቻ ሆኖ አገኘሁት፤ ስለ እነሱ አፈርኩ። በሦስት ወር ውስጥ ሃያ ሁለት ገጽ አደረስኩት። ማውጫም አበጀሁለት።

በዚያ ሥራ ከሁሉ የምኮራው በአንቀጽ አሥራ አራት ነበር። ከዚያ በፊት በአንድ ቀብር ላይ የሟቹ ዘመድ ግማሹ ቄስ፣ ግማሹ ሼህ ጠርቶ ኖሮ ሬሳው ግማሽ ቀን ቆሞ ዋለ። እኔም ይህ እንዳይደገም «አባል ሲያርፍ እድሩ ቀብር የሚወጣው የሟቹ የሃይማኖት አባት በጽሑፍ ሲያረጋግጥ ብቻ ነው» ብዬ ደነገግኩ። «ብቻ» የምትለዋ በጉባኤው አልተጠየቀችም፤ እኔ ነኝ የጨመርኳት። «ብቻ» የሌለበት አንቀጽ ጥርስ የሌለው አፍ ይመስለኛል።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ከእኔ በሦስት ዓመት የሚበልጡ የወሎ ሴት ነበሩ። አባታቸው እስላም፣ እናታቸው ክርስቲያን፤ እሳቸው እንደሚሉት በቤታቸው ሁለት የዓመት በዓል ስላልበቃ የጎረቤትም ይጨመር ነበር። በኦክላንድ ወደብ አንድ መግቢያ በር ላይ፣ ከጭነት መኪናው መሰላል ከፍ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ ኮንቴይነር ሊያወጣ የሚመጣውን ሹፌር ወረቀት ሲመረምሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። ሰው ሲያናግራቸው መነጽራቸውን ያወልቃሉ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው «መነጽር ለማየት ነው፤ ለመስማት ያውከኛል» አሉኝ። እኔም ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ ያህል ሞክሬዋለሁ፤ የተናጋሪው ፊት ከመጥፋቱ በቀር የጨመረልኝ ነገር የለም።

ለቅሶ ቤት ሲገቡ ከሰው ጋር አይቀመጡም፤ ቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደው ዕቃ ማጠብ ይጀምራሉ። አመሻሹ ላይ እጃቸውን አድርቀው ከባለ ሐዘኑ አጠገብ ይመጡና «ምን ያስቀው ነበር?» ብለው ስለ ሟቹ ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ ከሥርዓት ውጭ ነው ብዬ አንድ ጊዜ ልገሥጻቸው አስቤ ነበር። ባለ ሐዘኑ ግን ከሦስት ቀን በኋላ መጀመሪያ የተናገረው ለእሳቸው መሆኑን ስላየሁ ተውኩት። የአቶ ተካ እናት ያረፉ ጊዜ ወይዘሮ ሙሉነሽ ሦስቱንም ቀን ከወጥ ቤቱ አልወጡም፤ የሥራ ፈረቃቸውን ለሌላ ሰው አስይዘው ነው።

በየዓመቱ በፈረንጆቹ መጋቢት ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ድረስ ውሃ እንኳ አይቀምሱም ነበር። ክርስቲያኖቻችን ሁዳዴን አጥብቀው ይጾማሉ ብለው ያደንቋቸዋል። ሙስሊሞቻችን ደግሞ ያመለጣቸውን የረመዳን ቀን እየከፈሉ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገን በየፊናው የእኔ ናቸው ይል ነበርና የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እሳቸውም ያልተጠየቁትን አይመልሱም።

እኔስ? እኔ የአባላት መዝገብ ያዥ ነኝ። አንድ መዝገብ ለኦክላንድ፣ አንድ መዝገብ ለሳን ሆዜ፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ አለኝ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ወደብ ስለሚሠሩ በኦክላንዱ፣ ቅዳሜና እሑድ ከሳን ሆዜ ሰዎች ጋር ስለሚውሉ በሳን ሆዜውም ተመዝግበዋል። በኦክላንዱ መዝገብ «ሃይማኖት» በሚለው ዐምድ ሥር የአባታቸውን ስም አይቼ «እስልምና» ብዬ ጽፌያለሁ። በሳን ሆዜው ነጠላ ለብሰው ለቅሶ ሲመጡ ስላየኋቸው «ኦርቶዶክስ» አልኩ። ሁለቱም በእኔ እጅ የተጻፉ፣ በየዓመቱ በእኔ ማኅተም የጸደቁ ናቸው። አንዱን ከሌላው ጋር አስተያይቼ አላውቅም። ማስተያየት የሚያስፈልገው ሌላ ሰው የያዘውን መዝገብ ነው ብዬ አምን ነበር።

ባለፈው ዓመት በክረምቱ መጨረሻ ላይ ከኦክላንድ በባቡር ተሳፍረው ሚልፒታስ ድረስ መጡ። ሻይ አልጠጣም አሉና ተቀመጡ፤ መነጽራቸውንም አወለቁ። ሐኪም ልባቸው እየደከመ እንደሆነና ብዙ ጊዜ እንደማይቀራቸው ነግሯቸዋል።

«አንተ ይርጋ» አሉኝ፤ ከእናቴ ወዲህ በዚህ ዓይነት የጠራኝ የለም። «እኔ ባሃኢ ነኝ። ደሴ ሳለሁ ጀምሮ። የመጋቢቱም ጾም የእሱ ነው። መዝገብህ ላይ ምን እንዳልከኝ አላውቅም፣ ግን ሬሳዬ ላይ ሰው እንዳይጣላ አስተካክለህ ጻፍ።»

መዝገቡን አላሳየኋቸውም።

የእምነታቸው ሰዎች ሊቀብሯቸው ዝግጁ ነበሩ። እሳቸውን ያሳሰባቸው ሌላ ነው። እዚህ አገር ዘመድ የላቸውም፤ ዘመዶቻቸው እኛ ነን። እድሩ ቀብር አልወጣም ካለ ደግሞ ለአባላት ጥሪ አይተላለፍም፣ ሰውም አይመጣም። ለኮሚቴው አቀረብኩ። ከአምስታችን አንዱ የሃይማኖት አባታቸው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ባሃኢዎች ቄስም ሼህም እንደሌላቸው፣ በየአካባቢው በምርጫ የተቋቋመ ጉባኤ ብቻ እንዳላቸው የተነገረኝን አስረዳሁ። አቶ ተካ አንቀጹን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብኩ። «ብቻ» ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፣ ሁሉም ግን ሰሙ። ሁለቱ የጉባኤው ደብዳቤ ይበቃል አሉ፤ አቶ ተካና ሌላው ደንብ ደንብ ነው፣ ይህን ከፈታን የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም አባላት ጥለውን ይወጣሉ ብለው ሰጉ። ድምፁ ሁለት ለሁለት ሆነ። ጸሐፊው ድምፅ እንዳይኖረው ያደረግኩትም እኔ ነኝ፤ ትሑት መስዬ ለመታየት። ጉዳዩ «ጸሐፊው በአካል መርምሮ ሪፖርት ያቅርብ» ተብሎ አደረ።

ለወይዘሮ ሙሉነሽ ይህን ስነግራቸው ሳቁ። ከመሞታቸው በፊት ቺካጎ አጠገብ በሐይቁ ዳር ያለውን የባሃኢ የጸሎት ቤት ሊያዩ ትኬት ቆርጠው ነበር፤ ሻንጣ የሚይዝላቸው ሰውም ይፈልጋሉ። «መርምር ካሉህ ከእኔ ጋር ና፤ ለባዳ ሰው ስልክ እየደወልክ ሃይማኖት አትመረምርም» አሉኝ። ሕሊና ትኬቱን ቆረጠችልኝና «ዳድ፣ ፕሊስ፣ ሱቱን ተወው» አለችኝ። ለብሼ ሄድኩ። በቦርሳዬም የእድሩ ክብ ማኅተም ያረፈበት «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የትብብር ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ይዤ ነበር፤ አንዱን ሰጥቼ በሌላው ላይ «ደርሶናል» ብለው እንዲፈርሙልኝ።

ሕንጻው ነጭ ነው። ጉልላቱ እንደ ጥልፍ ተበሳስቶ የተሠራ ስለሆነ ድንጋይ መሆኑን ዓይን አይቀበለውም። ወይዘሮ ሙሉነሽ ደረጃው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙና ቀና ብለው ጉልላቱን ይመለከቱ ጀመር። እኔ ዋናውን በር ፍለጋ ሄድኩ።

በመጀመሪያ ያገኘሁት በር የጎን በር መሰለኝ፤ ዘበኛ የለውምና። ሁለተኛውም እንደዚያው። በየበሩ ፊት አትክልት አለ፣ ምንጭ አለ፣ ሁሉም ያው ነው። ለአንዱ የተለየ ምንጣፍ ወይም ሰንደቅ አልተደረገለትም። ዓምዶቹ ላይ የአይሁድ ኮከብ፣ መስቀል፣ ጨረቃ አንዱ ካንዱ በላይ ተቀርጸዋል፤ በቅደም ተከተል ረገድ ቅሬታ የሚያስነሣ ነገር እንዳለ ለማየት ማስታወሻዬን አወጣሁ። በሮቹን ቆጥሬ አሥር ሆኑብኝ። ሲባል የሰማሁት ግን ዘጠኝ ነው፤ እኔ የጀመርኩበትን በር ዳግመኛ ቆጥሬ ኖሯል። ይህን ለማረጋገጥ ሌላ ዙር ዞርኩ። በሱት፣ በክራቫት፣ ፋይል በእጄ።

ሁለተኛውን ዙር ስጨርስ አንዲት ወጣት፣ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚ፣ መንገድ ጠፍቶብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። በእንግሊዝኛ ዋናው በር የትኛው እንደሆነ ጠየቅኋት። ዋና የሚባል እንደሌለ፣ ዘጠኝ ከባለ አንድ አሃዝ ቁጥሮች ትልቁ ስለሆነ ሁሉን ያቀፈ ምልክት እንዲሆን እንደተመረጠ፣ ሰውም ከየት አቅጣጫ ቢመጣ ፊት ለፊት በር እንዲያገኝ ታስቦ እንደተሠራ አስረዳችኝ። የቤቱ ኃላፊ ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። በምርጫ የሚሠራ ጉባኤ ነው አለች። ደብዳቤ የሚቀበለኝስ? ካህን የለንም አለችና፣ ከፈለግኩ በጎብኚዎች መዝገብ ላይ ስሜን ማስፈር እንደምችል ነገረችኝ። አሰፈርኩ። «የሥራ ኃላፊነት» የሚል ዐምድ ስላልነበረው በስሜ ጎን ጠበብ አድርጌ ጨመርኩበት።

ወደ አግዳሚው ተመለስኩ።

«በሩን አገኘኸው?» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ።

«ዘጠኝ ናቸው፣ እትዬ ሙሉ። ሁለት ጊዜ አረጋግጫለሁ።»

«በየትኛው ገባህ?»

አለመግባቴን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። የሚያስገባኝ ሰው ስጠብቅ ነበር።

አልሳቁብኝም። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩና፣ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር ላይ ተቀምጫለሁ» አሉኝ። «አንድ በር፣ አንድ ሰልፍ። ወረቀት የጎደለውን ሹፌር ዙር፣ ተመለስ እለዋለሁ። አንዳንዱ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ፣ ልጅ የታመመበት፣ እየለመነኝ። ሥራዬ ነው፤ መለስኩት። አሁን እኔ ወረቀት ጎደለኝ፣ በሩ ላይ ደግሞ አንተ ተቀምጠሃል።»

ውሳኔው የኮሚቴው እንደሆነ ተናገርኩ።

«አብሽር» አሉኝ፣ እኔ ለእሳቸው ማለት ሲገባኝ። «እምነቴን እንድታጸድቁልኝ አይደለም። እሱን የሚያየው ሌላ ነው። ስትቀብሩ አብሬያችሁ ቆሜያለሁ፤ ስቀበር ቁሙልኝ ነው የምልህ። ደግሞ አገር ቤት እንዳትልኩኝ። ሬሳ ከሞተበት ከአንድ ሰዓት መንገድ በላይ አይሄድም፣ የእኛ ሕግ ነው።»

«አንድ ሰዓት በምን? በእግር ነው በመኪና?» አልኩ። እስክሪብቶዬን አውጥቼ ነበር።

«በፈለግኸው። ብቻ አንድ ሰዓት።»

ከዚያ ክንዴን ይዘው ተነሡ፤ ቅርብ በሆነው በር ገባን። ደፉ ላይ ማማተብ ይገባኝ እንደሆነ ስላላወቅኩ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ አማተብኩ። ውስጡ ወንበር ብቻ ነው፤ ሥዕል የለም፣ ሰባኪ የለም። የፊተኛው ረድፍ ለባለ ሥልጣናት የተያዘ መስሎኝ ከኋላ ተቀመጥኩ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ቀጥ ብለው ሄደው ከፊት ተቀመጡ። አንዲት ሴት ከመዝሙረ ዳዊት፣ አንድ ሽማግሌ ከቁርዓን አነበቡና ወረዱ። ማንም ምንም አላብራራም። ጉልላቱን ቀና ብዬ ሳይ ብርሃኑ በጥልፉ ቀዳዳዎች ሁሉ እኩል ይገባ ነበር። ማስታወሻ ልይዝ ብዬ ገጹን ገለጥኩና ምን እንደምጽፍ አላወቅኩም። በአገልግሎት ዘመኔ ባዶ ገጽ ይዤ ከመስክ የተመለስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሪፖርቱን ግን ጻፍኩ። ዘጠኝ ገጽ ወጣው። ሆን ብዬ ያደረግኩት እንዳይመስል ኅዳጉን አጥብቤ ስምንት አደረግኩት። በጥቅምት ለኮሚቴው ቀረበ፤ አባላቱ ስለ አቀራረቡ አመሰገኑኝ፣ ድምፁም እንደገና ሁለት ለሁለት ሆነ። የሪፖርቴ ማጠቃለያ ጉዳዩን ግራ ቀኙን አይቶ ለኮሚቴው የተወ ነበርና ማንንም አላነቃነቀም። ለማንም የማያዳላ ሪፖርት መጻፍ የሙያዬ ክብር ነው። በዚያ ክብሬ ላይ ወይዘሮ ሙሉነሽ አረፉ።

የዚያኑ ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት፣ አምስታችን በስልክ ተሰበሰብን። የእምነታቸው ሰዎች አርብ ወይም ቅዳሜ ለመቅበር አስበው የእኛን መልስ ይጠብቃሉ። በሳን ሆዜ እድሩ ዘወትር የሚጠቀምበት የመቃብር ቦታ ላይ ብንገናኝ ደስተኞች ነን ብለዋል። አቶ ተካ ሚኒባሱን ዳር አቁመው ነበር፤ የፍሬቻው ቀጭ ቀጭ ይሰማል። እንደተለመደው አንቀጹን እንዳነብ አዘዙኝ።

አንቀጹን አላነበብኩም። ሁለቱን መዝገቦች ከፈትኩና በኦክላንዱ እስላም፣ በሳን ሆዜው ኦርቶዶክስ ተብለው መመዝገባቸውን አነበብኩላቸው። ከዚያም፦

«ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «አልጠየቅኋቸውም። አሥራ አንድ ዓመት በየዓመቱ ማኅተም ሳደርግበት ኖሬ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም። በዚህ መዝገብ ሰው ልናስቀር ከሆነ መቅረት ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ለጸሐፊ የማይፈቀድ ንግግር ነበር። ድምፄም እንደ ሪፖርት አልነበረም። የፍሬቻው ድምፅ ብቻ ሲሰማ ቆየ።

አቶ ተካ በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያ የአንድ ሰዓት ነገር» አሉ፣ «ከሆስፒታሉ ነው የሚቆጠረው?»

አዎ አልኳቸው።

«እንግዲያው አርብ አይሆንም። አርብ ከሰዓት ከኦክላንድ ሳን ሆዜ በ880 አውራ ጎዳና አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ሃይማኖታቸውን እናፈርስባቸዋለን። ቅዳሜ በጠዋት አርባ አምስት ደቂቃ። እኔ ከፊት እየመራሁ አመጣቸዋለሁ።» ቀጥለውም «አቶ ይርጋ፣ ለሁሉም አባል ቴክስት አድርጉ» አሉ።

አብረዋቸው ሲቃወሙ የነበሩት አባል ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። ድምፅ አልተቆጠረም።

ቅዳሜ ዕለት ኦክላንድም ሳን ሆዜም ወጣ። የጭነት መኪና ሹፌሮች ከነሥራ ልብሳቸው መጥተው ነበር፤ ከመካከላቸው በር ላይ ተመልሰው የሚያውቁ እንደነበሩ አልጠራጠርም። ከእምነታቸው ሰዎች አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማ ጸሎቱን አነበበች፤ እኛ ቆመን ሰማን። እያንዳንዷ ሐረግ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ እንደምትደገም ስለተነገረኝ በጣቶቼ ቆጠርኩ፤ አሥራ ስምንት ላይ ጠፋኝ። የሚያበቃበትን የሚያውቅ ስላልነበረ አሜን ያልነው በየተራ፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ዘግይቶ ነበር። አቶ ተካ የመጨረሻው ነበሩ። አፈር ሲያለብሱ ቆብ አውልቀው በዝግታ ነበር፤ መኪናቸው ውስጥ መንገደኛ እየጠበቃቸው እንደነበረ የሰማሁት ኋላ ነው።

በሚቀጥለው ወር ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። የማሻሻያ ረቂቁን እኔ አዘጋጀሁ፤ ሦስት መስመር ነው። በሕይወቴ ያረቀቅኩት አጭሩ ሰነድ ይኸው ነው። አንድ አባል ማብራሪያ ይጨመርበት ብለው ነበር፤ ተቃወምኩ። ቃለ ጉባኤው የሚከተለውን ይላል፦

«አንቀጽ አሥራ አራት ተሰርዟል። በምትኩ፦ እድሩ የማንኛውም አባል ቀብር ይወጣል። የአባሉ ሃይማኖት አባሉ ራሱ በሕይወት ሳለ ተጠይቆ የተናገረው ነው። ማሻሻያው ከኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እንደጸና ይቆጠራል። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፤ ሳን ሆዜ፣ እሑድ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.»